ለመሳቢያ የሚሆን ዳቭቴል በራውተርና በጅግ አቆራረጥ፦ ከጣውላ ዝግጅት እስከ ኮላ

የመሳቢያ ጥንካሬ የሚፈተነው ጎኑና ፊቱ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ነው። መሳቢያው በተከፈተ ቁጥር እጅ ፊቱን ወደ ውጭ ይስበዋል፤ በውስጡ ያለው ዕቃ ደግሞ በክብደቱ ጎኖቹንና ወለሉን ወደ ኋላ ይይዛል። ስለዚህ ያ ማዕዘን ለዓመታት፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ሊገነጥለው የሚሞክር ጉልበት ይሸከማል። በምስማርና በኮላ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ውሎ አድሮ መላላቱ አይቀርም። ዳቭቴል ወይም የርግብ ጅራት የሚባለው መጋጠሚያ ከዚህ የሚለየው በቅርጹ ነው። ጫፉ ሰፋ፣ ሥሩ ጠበብ ያለው ጅራት በልኩ በተፈለፈለ ማስገቢያ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ኮላው ቢደክም እንኳ ፊቱ ከጎኖቹ ተስቦ ሊወጣ አይችልም።

ይህን መጋጠሚያ በመጋዝና በመሮ መሥራት የተከበረ ሙያ ነው፤ የእጅ ሥራው ውበትም በማሽን አይተካም። ነገር ግን 6 መሳቢያ ያለው ኮመዲኖ የታዘዘ ባለሙያ 24 ማዕዘን ይጠብቀዋል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የጠበቀ መሆን አለበት። ራውተር፣ ማለትም ቢት በሚባል በፍጥነት በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚፈለፍል የኤሌክትሪክ መሣሪያ፣ እና የዳቭቴል ጅግ፣ ማለትም ጣውላውን አስሮ የራውተሩን መንገድ የሚመራ መያዣ፣ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። በዚህ መመሪያ የምንመለከተው በገበያ በብዛት የሚገኘውንና 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ጅግ ነው። ይህ ጅግ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቋሚ ጣቶች ያሉት ቴምፕሌት (ራውተሩ በላዩ የሚሄድበት መሪ ሰሌዳ) አለው፤ የጎኑንና የፊቱን ጣውላ አንድ ላይ አስሮ በአንድ ጊዜ ይቆርጣል፤ የሚያወጣውም መጋጠሚያ ከመሳቢያው ፊት ሲታይ የተሸፈነ፣ ከጎን ሲታይ ግን ጅራቶቹ የሚታዩበት ነው። ከሁለቱም ወገን የሚታየው ዓይነት ሁለት ልዩ ልዩ ቢትና ሌላ ዓይነት ቴምፕሌት ስለሚፈልግ እዚህ አልገባበትም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ጅጉ በራሱ ትክክለኛ ሥራ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የተስተካከለለትን ነገር ሳያዛንፍ መድገም ነው። ልኩ የተዛባ ጅግ 24ቱንም ማዕዘን እኩል አዛብቶ ይቆርጣል። ስለዚህ የዚህ ሥራ ልብ ያለው በቆረጣው ሳይሆን በማስተካከሉና በሙከራ ቁራጮቹ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የጠፋ ግማሽ ቀን እንደ ብክነት ሊቆጠር አይገባም።

መሣሪያው

ለዚህ ሥራ ግዙፍ ራውተር አያስፈልግም። ከ800 እስከ 1200 ዋት ጉልበት ያለው፣ ሁለት እጀታ ያለው፣ ጥልቀቱ ከተቆለፈ በኋላ ንቅንቅ የማይል ራውተር በቂ ነው። አብረውት የሚሄዱት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በሰፊው ጫፉ ላይ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ጎኑ በ14 ዲግሪ ያዘነበለ የዳቭቴል ቢት ነው፤ ምላጩ ካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው በራውተሩ ወለል ላይ የሚታሰርና የቴምፕሌቱን ጣቶች እየታከከ ቢቱን የሚመራ፣ የውጭ ስፋቱ 11.1 ሚሊ ሜትር የሆነ መሪ ቡሽ ነው። የቴምፕሌቱ ጣቶች ከመሐል እስከ መሐል 22.2 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። እነዚህ ቁጥሮች በኢንች የተሠሩ ልኮች በመሆናቸው በሚሊ ሜትር ሲጻፉ ሙሉ ቁጥር አይሆኑም። ከጅግዎ ጋር የመጣው መመሪያ የተለየ ቢት ወይም የተለየ ቡሽ ካዘዘ ግን የሚሠራው የእሱ ቁጥር ነው፤ ቢቱ፣ ቡሹና ቴምፕሌቱ እርስ በርስ ተሰልተው የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መቀየር መጋጠሚያውን ያበላሻል።

ጅጉም ራውተሩም በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪኩ ነው። የአሜሪካ ራውተር በ120 ቮልት ይሠራል፤ በኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለ1200 ዋት ራውተር ደግሞ 2000 ዋት የሚችል ቢሆን አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው የቢቱ ዘንግ ነው። ሩብ ኢንች ዘንግ 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ6 ሚሊ ሜትር ኮሌት (ዘንጉን ጨብጦ የሚይዘው የራውተሩ አፍ) ውስጥ አይገባም፣ በ8 ሚሊ ሜትር ኮሌት ውስጥ ደግሞ ይላላል። ዘንጉን በቆርቆሮ ወይም በፕላስተር ጠቅልሎ ለማጥበቅ መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ በደቂቃ 20,000 ጊዜ የሚሽከረከር ቢት ከኮሌቱ ቢወጣ ሰው ይጎዳል። ሦስተኛው የመሪ ቡሹ አገባብ ነው፤ በራውተሩ ወለል ላይ ያለው ቀዳዳ ከቡሹ ከንፈር ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ከዚህ ውጭ የሚያስፈልጉት ካሊፐር፣ እስኳድራ፣ የጎማ ወይም የእንጨት መዶሻ፣ ማጥበቂያዎች፣ የዓይን መነጽር፣ የጆሮ መከላከያና የአቧራ ጭምብል ናቸው። የራውተር ድምፅ ከእንጨት ቤት መሣሪያዎች ሁሉ ጆሮን ከሚጎዱት አንዱ ስለሆነ የጆሮ መከላከያው ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም።

ጣውላው

ዋንዛ ለዚህ ሥራ የሚመች እንጨት ነው፤ መካከለኛ ጥንካሬ አለው፣ በቢት ሲቆረጥም ጠርዙ ይይዛል። ጥድም ይሆናል፤ ነገር ግን ቅባትና ሙጫ ስላለው ቢቱን ቶሎ ያቆሽሻል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ ለዳቭቴል አይሆኑም፤ እንደ ጣውላ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ረጅም ቃጫ ስለሌላቸው ጅራቱ ከሥሩ ይፈረፈራል። ለፊቱ ዋንዛ፣ ለጎንና ለኋላ ቀለል ያለ እንጨት መጠቀም የተለመደና ትክክለኛ አሠራር ነው።

ጣውላው ደረቅ ይሁን። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ እንጨት ዛሬ ጠብቆ ቢገጥም ሲደርቅ ይሸሻል። ውፍረቱም በሁሉም ላይ እኩል መሆን አለበት፤ አራት የጎን ጣውላዎች ካሉ አራቱም በአንድ የማሽን ልክ ይላጉ። ጫፎቹ ቀጥ ብለው፣ በእስኳድራ ሲፈተሹ ብርሃን ሳያስገቡ 90 ዲግሪ መሆን ይኖርባቸዋል፤ ጅጉ ጣውላውን የሚያቆመው በጫፉና በጠርዙ ስለሆነ የጫፉ መጣመም በቀጥታ ወደ መጋጠሚያው ይሄዳል። ከዋናዎቹ ጋር አብረው የተላጉ፣ ውፍረታቸው አንድ የሆነ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ጥንድ የሙከራ ቁራጮች ያስቀሩ። ውፍረቱ የተለየ ቁራጭ ላይ የተሠራ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም።

የመሳቢያው ከፍታ፣ ማለትም የጣውላው ስፋት፣ ከተቻለ የ22.2 ሚሊ ሜትር ብዜት ይሁን፤ 89፣ 111 ወይም 133 ሚሊ ሜትር ለምሳሌ። እንዲህ ሲሆን ከላይም ከታችም እኩል ግማሽ ፒን ይቀራል። ፒን የምለው በፊቱ ጣውላ ላይ በሁለት ማስገቢያዎች መካከል የሚቀረውን እንጨት ነው። ስፋቱ ብዜት ካልሆነ መጋጠሚያው ይይዛል፤ ነገር ግን አንዱ ጠርዝ ላይ የተቆረሰ ጅራት ይታያል።

የርዝመቱ ስሌት ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት በምሳሌ ላሳይ። የፊትና የኋላ ጣውላዎች ርዝመት የመሳቢያው ሙሉ ስፋት ነው። የጎን ጣውላ ግን በፊቱና በኋላው ውፍረት ውስጥ የሚሰምጠው በጅራቱ ርዝመት ያህል ብቻ ነው። የመሳቢያው ጠቅላላ ጥልቀት 450 ሚሊ ሜትር፣ የፊቱ ውፍረት 20፣ የኋላው 16፣ የጅራቱ ርዝመት 10 ቢሆን፣ ከፊት 10 ከኋላ 6 ሚሊ ሜትር ሳይነካ ስለሚቀር የጎኑ ርዝመት 434 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የጅራቱ ትክክለኛ ርዝመት የሚታወቀው ከሙከራው በኋላ ነውና ጎኖቹን መጨረሻ ላይ ይቁረጡ። የመሳቢያውን ስፋት ሲወስኑም ሐዲዱን ያስቡ፤ በጎን የሚታሰር የብረት ሐዲድ በተለምዶ በእያንዳንዱ ጎን 12.7 ሚሊ ሜትር ቦታ ይፈልጋል።

ምልክት ማድረግ

ይህ ሥራ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጣውላ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መሳቢያውን እንደሚገጠም አድርገው አራቱን ጣውላዎች ጠረጴዛ ላይ ያቁሙ። በእያንዳንዱ ውስጠኛ ፊት ላይ ስሙን በእርሳስ ይጻፉ፦ ፊት፣ ኋላ፣ ግራ፣ ቀኝ። የታችኛውን ጠርዝም በሁሉም ላይ በቀስት ያመልክቱ። ከዚህ በኋላ ሁለት ሕጎች ብቻ ይቀራሉ፤ ጅጉ ላይ ሲታሰሩ የጣውላዎቹ ውስጠኛ ፊት ሁልጊዜ ለእርስዎ ይታያል፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ሁልጊዜ ማቆሚያውን ይነካል።

ጅጉ በግራና በቀኝ ማቆሚያ አለው። ከመሳቢያው ፊት ለፊት ቆመው ሲመለከቱ የፊቱ ግራ ማዕዘንና የኋላው ቀኝ ማዕዘን በጅጉ ግራ በኩል ይቆረጣሉ፤ የፊቱ ቀኝና የኋላው ግራ ደግሞ በጅጉ ቀኝ በኩል። በሰያፍ የሚተያዩት ማዕዘኖች አንድ ወገን ናቸው ማለት ነው። ግራ መጋባት እንዳይኖር ከእያንዳንዱ ማዕዘን አጠገብ «ግ» ወይም «ቀ» ብለው ይጻፉበት።

ቢቱንና ቡሹን ማሰር

በመጀመሪያ የራውተሩን ገመድ ይንቀሉ። ከዚያ መሪ ቡሹን በወለሉ ላይ አጥብቀው ይሰሩ። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የቢቱ ጫፍ 12.7 ሚሊ ሜትር፣ የቡሹ የውጭ ስፋት ደግሞ 11.1 ስለሆነ ቢቱ በቡሹ ውስጥ አያልፍም፤ የሚያልፈው ቀጭኑ ዘንግ ብቻ ነው። ስለዚህ ቡሹ ከታሰረ በኋላ ቢቱ ከታች በኩል ይገባል፤ ከገባ በኋላም ራውተሩን ከፍ በማድረግ ቢቱን ወደ ውስጥ መሳብ አይቻልም። ካርባይዱ የቡሹን ብረት ከነካ ይሰበራል። ዘንጉን እስከ ኮሌቱ ጥግ አስገብተው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር መልሰው ይሳቡት፤ ከዚያ ያጥብቁ። ገመዱን ከመሰካትዎ በፊት ቢቱን በእጅዎ አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩትና ቡሹን የትም እንደማይነካ በዓይንዎ ያረጋግጡ።

የመነሻ ጥልቀት የሚለካው ራውተሩ በቴምፕሌቱ ላይ በተቀመጠበት ሁኔታ ነው፤ ቢቱ ከቴምፕሌቱ የታችኛው ገጽ በ10 ሚሊ ሜትር ገደማ ይውረድ። ይህ መነሻ ብቻ ነው፤ ትክክለኛውን የሚናገረው የሙከራው ቁራጭ ነው። የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለ በደቂቃ ከ18,000 እስከ 20,000 ዙር ላይ ያድርጉት።

ጅጉን ማቆምና ጣውላዎቹን ማሰር

ጅጉን በወፍራም የእንጨት ሰሌዳ ላይ በብሎን ይሰሩና ሰሌዳውን በጠረጴዛው ላይ በማጥበቂያ ያጣብቁ። የጅጉ የፊት ገጽ ከጠረጴዛው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ታች የሚንጠለጠለው የጎን ጣውላ ጠረጴዛውን ይመታል።

የአስተሳሰሩ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። የጎኑን ጣውላ ከፊት በኩል ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ጫፉ ከጅጉ አናት ትንሽ ከፍ ይበል፤ ለጊዜው አላልተው ይሰሩት። የፊቱን ጣውላ በጅጉ አናት ላይ፣ ከቴምፕሌቱ ሥር አስተኝተው ጫፉ የቆመውን ጣውላ እስኪነካ፣ ጠርዙም ማቆሚያውን እስኪነካ ወደፊት ይግፉትና አጥብቀው ይሰሩት። አሁን ወደ ቆመው ጣውላ ይመለሱ፤ አላልተው ጫፉ ከተኛው ጣውላ የላይኛ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆንና የቴምፕሌቱን ሥር እስኪነካ ያስተካክሉት፤ የራሱን ማቆሚያ መንካቱን አይተው ያጥብቁ። በጣትዎ በሁለቱ መካከል ያለውን መስመር ቢዳስሱ እርከን ሊሰማዎት አይገባም። ሁለቱ ጣውላዎች ጎን ለጎን በትክክል እንደማይገጥሙ፣ አንዱ ከሌላው በ11.1 ሚሊ ሜትር እንደተንሸራተተ ያያሉ፤ ይህ የጣቶቹ ርቀት ግማሽ ነው፤ የአንዱ ጅራት በሌላው ማስገቢያ ትይዩ የሚሆነው በዚህ መንሸራተት ምክንያት ስለሆነ «ለማስተካከል» እንዳይሞክሩ።

ጠባብ ጣውላ በጅጉ አንድ ጫፍ ብቻ ሲታሰር ማሰሪያው አሞሌ፣ ማለትም ጣውላውን የሚጫነው ረጅም ብረት፣ ይጣመማል። በሌላኛው ጫፍ ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ ያስገቡ፤ አሞሌው ያኔ በትይዩ ይጫናል፤ ቴምፕሌቱም አያዘነብልም።

መቁረጥ

ራውተሩን ገና ሳያስነሱ በቴምፕሌቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡ፤ ቢቱ እንጨቱንም ጣቶቹንም አይንካ። ከዚያ ያስነሱት፤ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ይጠብቁ።

የመጀመሪያው ጉዞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ ከቆመው ጣውላ የፊት ገጽ ላይ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እየላሰ ይሂድ። ይህ አቅጣጫ ከቢቱ አዟዟር ጋር አብሮ የሚሄድ ስለሆነ ራውተሩ እጅን መጎተት ይፈልጋል፤ ቀጭን ቁረጣ ብቻ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በጅራቶቹ ሥር ንጹሕ ትከሻ (ቀጥ ያለ ጠርዝ) ያበጃል፣ በኋላ ቢቱ ከክፍተቱ ሲወጣ የጅራቶቹ ጠርዝ እንዳይሰነጠር ይከላከላል።

ከዚያ ዋናው ሥራ ከግራ ወደ ቀኝ ይጀምራል። ቡሹን የመጀመሪያውን ጣት አስታክከው ወደ ክፍተቱ ያስገቡ፣ እስከ ጥጉ ይግፉ፣ በሌላኛው ጣት ጎን አስታክከው ይውጡ፣ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ። ግፊቱ ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይሁን፤ የራውተሩ ወለል ከቴምፕሌቱ ላይ ለአፍታ እንኳ ካዘነበለ ማስገቢያው ይሰፋል። በጣም መፍጠን ጠርዝ ይሰነጥራል፣ መዘግየት ደግሞ እንጨቱን ያሳርራል። የሚያቃጥል ሽታ ከመጣ ወይ ዘግይተዋል፣ ወይ ቢቱ ደንዝዟል ወይም ሙጫ ተለጥፎበታል። የጥድ ሙጫ የያዘው ቢት ተነቅሎ በነጭ ጋዝ በረጠበ ጨርቅና በጥርስ ብሩሽ ይጸዳል፤ እንደገና ከመታሰሩ በፊትም በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል።

ራውተሩን በሙሉ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይያዙት፤ ለምሳሌ ማብሪያው ሁልጊዜ በቀኝ እጅዎ በኩል ይሁን። ቡሹ ከቢቱ መሐል በፀጉር ያህል እንኳ ቢዛነፍ፣ ራውተሩ ካልዞረ ስሕተቱ በሁሉም ማስገቢያ እኩል ይሆንና አይታይም፤ እየዞረ ከተቆረጠ ግን አንዱ ጠብቆ ሌላው ይላላል።

ከሁሉም በላይ የሚከበረው ሕግ ይህ ነው፦ ቢቱ እየተሽከረከረ ራውተሩን ወደ ላይ አያንሱ። ዳቭቴል ቢት ከታች ሰፊ ስለሆነ ሲነሣ ጅራቱን ይቆርጣል፣ የቴምፕሌቱን ጣት ይበላል፣ ራሱም ይሰበራል። ሥራው ሲያልቅ ራውተሩን ወደ ራስዎ ስበው ከጣቶቹ መካከል ያውጡት፣ ያጥፉት፣ መሽከርከሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም በቴምፕሌቱ ላይ እንደተቀመጠ ይያዙት።

ጣውላዎቹን ከመፍታትዎ በፊት አቧራውን አራግፈው እያንዳንዱን ማስገቢያ ይመልከቱ። በስብርባሪ ምክንያት ቡሹ እስከ ጥጉ ያልደረሰበት ቦታ ካለ አሁኑኑ ይድገሙት፤ ከተፈታ በኋላ በዚያው ልክ መልሶ ማሰር አስቸጋሪ ነው።

ሙከራውን ማንበብ

የመጀመሪያው የሙከራ ጥንድ ሲፈታ ጎኑን ከፊቱ ጫፍ በኩል በማንሸራተት ይግጠሙት። ጥሩ መጋጠሚያ በእጅ ግፊት እስከ ግማሽ ገብቶ ቀሪውን በመዶሻ ለስለስ ያለ ምት ይጨርሳል። በራሱ የሚወድቅ ከሆነ ላላ ነው፤ ጠንካራ ምት የሚፈልግ ከሆነ ጠብቋል፤ ኮላ ሲነካው እንጨቱ ስለሚያብጥ ጭራሽ አይገባም ወይም ጣውላውን ይሰነጥቀዋል።

መጥበቅና መላላት የሚስተካከለው በቢቱ ጥልቀት ብቻ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ሥራውን ስለሚያቀልል ላስረዳ። ቢቱ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ስለሆነ፣ በጥልቀት ሲቆርጥ የቁርጡ ታች ስፋት አይለወጥም፤ አፉ ግን ይጠባል። በቆመው ጣውላ ላይ የክፍተቱ አፍ ሲጠብ የጅራቱ ጫፍ ይወፍራል፤ በተኛው ጣውላ ላይ ደግሞ የማስገቢያው አፍ ይጠባል። ስለዚህ ቢቱን ማስረዘም መጋጠሚያውን ያጠብቃል፣ ማሳጠር ያላላል። በ14 ዲግሪ ቢት የ1 ሚሊ ሜትር የጥልቀት ለውጥ በመጋጠሚያው ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣል፤ ይህ በዳቭቴል ሥራ ብዙ ነው። ማስተካከያው ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር እያለ ይሂድ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ አዲስ ጥንድ ይቁረጡ፤ በተቆረጠው ላይ መድገም ውጤቱን ያሳስታል።

ጥብቀቱ ከተገኘ በኋላ የሚታየው የጎኑ ውጫዊ ገጽ ከፊቱ ጫፍ ጋር እኩል መሆኑ ነው። ጎኑ ወደ ውጭ ከወጣ ማስገቢያዎቹ አጥረዋል፤ ቴምፕሌቱን በወጣው ልክ ከእርስዎ አርቀው ወደ ውስጥ ይግፉ። ጎኑ ከሰመጠ ቴምፕሌቱን ወደ እርስዎ ይሳቡ። በሁለቱም ጫፍ ያሉት የቴምፕሌቱ ማስተካከያዎች እኩል መንቀሳቀስ አለባቸው፤ በካሊፐር ይለኩ፤ አንዱ ወገን ከቀደመ መጋጠሚያው ከታች ጠብቆ ከላይ ይሸሻል። ከላይና ከታች ያሉት ጠርዞች ካልተስተካከሉ ጥፋቱ የማቆሚያዎቹ ነው፤ ወይ መንሸራተቱ 11.1 ሚሊ ሜትር አይደለም፣ ወይ ሲታሰር ጣውላው ማቆሚያውን አልነካም። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ በጥጉ ውስጥ የተቀረቀረ የእንጨት ፍቅፋቂ ጣውላውን ያርቀዋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቁርጥ በኋላ ማቆሚያዎቹን በብሩሽ ያጽዱ።

በጅጉ ግራ በኩል ልኩ ሲገኝ በቀኝም ሌላ ጥንድ ይሞክሩ። የግራው ማቆሚያ ትክክል ስለሆነ ብቻ የቀኙም ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ዋናዎቹ ጣውላዎች፣ የወለሉ ቦይ፣ ኮላው

ሙከራው ካጠገበዎት በኋላ በጅጉም በራውተሩም ላይ ምንም ሳይነኩ ዋናዎቹን ጣውላዎች ይቁረጡ። መጀመሪያ «ግ» የተጻፈባቸውን ማዕዘኖች በሙሉ፣ ቀጥሎ «ቀ» የተጻፈባቸውን። መሳቢያዎቹ ብዙ ከሆኑ በመሐል በመሐል አንዱን ገጥመው ይፈትሹ፤ በንዝረት ምክንያት የጥልቀት መቆለፊያው ሊላላ ይችላል።

ለመሳቢያው ወለል የሚሆነው ቦይ ከመጣበቁ በፊት ይቆረጣል። ስስ 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ የሚገባበት ከሆነ የቦዩ መሐል ከታችኛው ጠርዝ በ11 ሚሊ ሜትር ላይ ይሁን። ያ ቦታ የመጀመሪያው ጅራት መሐል ነው፤ በጎኑ ላይ ቦዩ በጅራቱ ውስጥ አልፎ በማስገቢያው ውስጥ ይደበቃል፣ በፊቱ ላይ ደግሞ በማስገቢያው ላይ ያልፍና በጅራቱ ይሸፈናል። ቦታው ከተሳሳተና ፒኑን ከቆረጠ በመሳቢያው ጎን ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይታያል።

ኮላ ከመቀባትዎ በፊት አራቱን ጣውላና ወለሉን በደረቁ ገጥመው ይዩ። የእንጨት ነጭ ኮላ 10 ደቂቃ ያህል ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ ማጥበቂያው፣ መዶሻውና እርጥብ ጨርቁ አስቀድመው በእጅ ይሁኑ። በቀጭን ብሩሽ የማስገቢያዎቹን ግድግዳና የጅራቶቹን ጎን ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ኮላው ከበዛ በማስገቢያው ጥግ ይታመቅና ጅራቱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል። ወለሉ በቦዩ ውስጥ ያለ ኮላ በነፃ ይቀመጥ። ጎኖቹን በቁራጭ እንጨት ላይ እየመቱ ያስገቡ፤ ማጥበቂያውም በመሳቢያው ስፋት ላይ፣ ጎኖቹን ወደ ውስጥ እየገፋ ይታሰር፤ መጋጠሚያው የሚዘጋው በዚያ አቅጣጫ ነው። ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ይለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ በቀስታ ይጫኑት። የወጣውን ኮላ ወዲያው ይጥረጉ፤ በዋንዛ ላይ የደረቀ ኮላ ቫርኒሽ አይቀበልም፣ ነጣ ያለ እድፍ ሆኖ ይቀራል። ማጥበቂያው ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊፈታ ይችላል፤ መላጊያና ብርጭቆ ወረቀት ግን ከ24 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሲላግ ከጠርዝ ወደ መሐል እንጂ ወደ ውጭ አይገፋ፤ አለበለዚያ የማዕዘኑ ቃጫ ይሰነጠራል።

ጅጉን ከመፍታትዎ በፊት አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። በዚያው ልክ፣ ቢቱ እንዳለ ሳይነካ፣ በአንድ ደረቅ የዋንዛ ቁራጭ ጫፍ ላይ ማስገቢያዎችን ይቁረጡበትና ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ይህን ቁራጭ በተኛው ጣውላ ቦታ አስረው፣ ገመዱ የተነቀለ ራውተር ላይ ያለውን ቢት በማስገቢያው ውስጥ ወለሉን እስኪነካ ቢያወርዱት የዛሬውን ጥልቀት መልሰው ያገኙታል፤ ቴምፕሌቱም ቢቱ የማስገቢያውን ጥግ እስኪነካ ድረስ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ ይስተካከላል። በቁራጩ ጀርባ የቢቱን ስፋትና ዲግሪ፣ የቡሹን ልክ፣ የጎኑንና የፊቱን ውፍረት፣ በካሊፐር የተለካውን የጅራት ርዝመት ይጻፉበትና ከጅጉ ጋር አስረው ያኑሩት።